ያለ ክራክ ንድፍ ማውጣት

ሶዶ ከተማ ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ቤት በር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ያያል። ደንበኛ ይመጣና የመስኮቱን ስፋት በክንዱ ያሳያል። ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይለካል፤ ተመልሶ በቁራጭ ላሜራ ላይ በጠመኔ ይነድፋል። ቱቦላሬው የሚቆረጠው በዚያ ንድፍ ነው። ደንበኛው «ባለቤቴ ትየው፣ በወረቀት አውጣልኝ» ካለ ግን ጠመኔው አይበቃም። መሥሪያ ቤት የበርና የመስኮት ሥራ በጨረታ ሲያወጣም እንዲሁ ነው፤ ልኩ የተጻፈበት ንድፍ ይጠየቃል። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ስለሆነች ይህ ጥያቄ ከትንሹ ወርክሾፕ ደጅ የሚርቅ አይሆንም።

ያኔ ኮምፒውተር ይከፈታል። ብዙ ጊዜ በውስጡ የሚገኘው ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠና በክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉን በሚሰብር ፕሮግራም፣ የተከፈተ አውቶካድ የተባለ የንድፍ ፕሮግራም ነው።

ይህን የሚያደርገውን ወጣት ሌባ ብዬ ልጠራው አልፈልግም። ሙሉው አውቶካድ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ይጠይቃል። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ አንድ ጊዜ ገዝቶ የራስ ማድረግ ቀርቷል፤ ኪራይ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ እንኳ ይህ ከ110,000 ብር በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር ስላለፈ፣ ሒሳቡ 200,000 ብርን ተሻገረ። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ መክፈያው ሌላ ጣጣ ነው።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር አንድ ላይ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። ከሕጉ ባሻገር ለንድፉ ለራሱም ያሰጋል። ክራክ ሲጫን መጀመሪያ የሚባለው «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ነው፤ በተከፈተው በር ምን እንደሚገባ ደግሞ ጫኚውም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 በተለይ ፔሩ ውስጥ የተስፋፋ አንድ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በአውቶካድ በኩል እየሠራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንድፎችን በኢሜይል ወደ ቻይና ልኳል። ንድፍ የአንድ ባለሙያ የድካም ውጤት ነው፤ እንዲህ ሲወሰድ ባለቤቱ እንኳ አይሰማም።

ለትንሽ ወርክሾፕ ላስተዋውቀው የምፈልገው ሊብሬካድ የሚባለውን ነጻ የንድፍ ፕሮግራም ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1999 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተጀመረው ኪውካድ ነው። የኪውካድ ነጻ ቅጂ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች ሰዎች ወስደው በአዲስ ስም ማሳደግ ቀጠሉ። ፈቃዱ ለንግድ መጠቀምን አይከለክልም። በአሥር ኮምፒውተር ብትጭኑት፣ ገልብጣችሁ ለጎረቤት ብትሰጡት፣ ሁሉም ሕጋዊ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ ያ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የመገልበጥ ልማዳችን እዚህ ጋ ጥፋትነቱ ይቀራል።

አሠራሩን በአንድ በር እንየው። ስፋቱ 900፣ ቁመቱ 2100 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የመስመር ትእዛዝ ይሰጥና መነሻው 0,0 ይባላል። ቀጥሎ @900,0 ሲጻፍ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ @0,2100 ሲባል ወደ ላይ ይወጣል፣ @-900,0 ሲባል ወደ ግራ ይመለሳል፤ ከዚያ መዝጋት ነው። የ@ ምልክት «አሁን ካለሁበት ነጥብ ተነስተህ ቁጠር» ማለት ነው። ለፍሬሙ መስመሮቹን 40 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መድገም ይበቃል። ፍሬሙ፣ መስታወቱና የልኩ ጽሑፍ በየራሳቸው ሌየር (ንብርብር) ቢቀመጡ አንዱን ደብቆ ሌላውን ማሳየት ይቻላል። በ1፡20 ሲታተም በሩ ኤ4 ወረቀት ላይ 10.5 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 4.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ደንበኛው ማስመሪያ አስጠግቶ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። አውቶካድ የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ አዝራር ፍለጋ ይንከራተታል፣ አሳቡ ግን ያው ነው።

ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። ሊብሬካድ የሚሠራው በጠፍጣፋ ንድፍ ብቻ ነው። መሐንዲሶች የሚላላኩበትን የአውቶካድ ፋይል፣ ዲደብልዩጂን፣ በከፊል ቢያነብ እንጂ አይጽፍም። ስለዚህ ከመሐንዲስ ጋር የሚሠራ ሰው «በዲኤክስኤፍ አስቀምጠህ ላክልኝ» ማለት አለበት፤ አውቶካድ ይህን የፋይል ዓይነት ያለ ችግር ያወጣል። ዲደብልዩጂ በየቀኑ የሚመጣበት ቤት ከሆነ ግን የሚከፈልበት ኪውካድ ፕሮፌሽናል ይሻለዋል፤ ዋጋው ወደ 40 ዩሮ፣ ክፍያውም የአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደረጃ ወይም የግቢ በር በሁሉም ጎን አዙሮ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ፍሪካድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ 1.0 ላይ የደረሰው በኅዳር 2024 ነው። እሱም ነጻ ነው፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

«ነጻ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ዳሞታ ተራራ ሥር ባለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ አውቶካድን ለትምህርት በነጻ ማግኘት ይችላል፤ ተመርቆ ወርክሾፕ ሲከፍት ግን በዚያ ፈቃድ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት አይችልም። በድሮዎቹ ቅጂዎች የተማሪ ፋይል ሲታተም «በትምህርት ቅጂ የተሠራ» የሚል ማህተም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ፋይል አንድ የበር ሥዕል የተቀዳበት ሌላ ንድፍም ማህተሙን ይዞት ይሄድ ነበር። ድራፍትሳይት የተባለው የንድፍ ፕሮግራም ደግሞ ለዓመታት በነጻ ሲታደል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ኩባንያው ነጻውን ቅጂ አቆመው፤ የለመዱት ሰዎችም ወይ መክፈል ወይ እንደ አዲስ መልመድ ነበረባቸው። የሊብሬካድና የፍሪካድ ፈቃድ ግን በእጃችሁ ያለውን ቅጂ መልሶ አይወስድባችሁም።

ሊብሬካድ ትንሽ ፋይል ነው፤ ደካማ ኢንተርኔት ላይም ይወርዳል። ሶዶ ላይ አንድ ሰው ካወረደው፣ ቦዲቲና አረካ ያሉት ወርክሾፖች በፍላሽ ይቀበሉታል።