የውሻ ደም ስለ ካላዛር ምን ይናገራል?

ካላዛር ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ተሕዋሱን የምታስተላልፈው ሴቷ የአሸዋ ዝንብ ናት። በሽታው ጣፊያንና ጉበትን ያሳብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያና በብራዚል የዚህ ተሕዋስ የቅርብ ዘመድ ዋና ማደሪያው ውሻ ነው። በኢትዮጵያ ግን የውሻ ድርሻ ገና አልተለየም።

ጥያቄው ወደ ደቡብ ጎንደር የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከንፋስ መውጫ በስተምዕራብ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በመጀመሪያ ወባ የመሰለ የካላዛር ወረርሽኝ ተከሰተ። 171 ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ውሻ ያላቸው፣ ቀን ከግራር ሥር የሚተኙና ሌሊት ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ይበልጥ ለበሽታው እንደሚጋለጡ አሳየ። ከየመንደሩ ውሾችም ደምና የአጥንት መቅኔ ተወሰደ።

መቅኔው የተወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም። ባቤዥያ የተባለው የውሻ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስለሚኖር፣ ደሙ በመስታወት ላይ ተቀብቶና በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል። ሌይሽማኒያ ግን በመቅኔ፣ በጣፊያና በንፍፊት ውስጥ ስለሚሸሸግ ከደም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የደም ምርመራው የሚፈልገው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል ነው። በኢፋት ምርመራ ፀረ እንግዳ አካሉ ከተሕዋሱ ጋር ሲጣበቅ በልዩ ማይክሮስኮፕ ያበራል፤ በኤላይዛ ደግሞ የፈሳሹ ቀለም ይለወጣል። ፒሲአር የተሕዋሱን ዲኤንኤ አባዝቶ ያሳያል።

በሊቦ ከምከም 7 ውሾች (3.8 በመቶ) በኢፋትና በሁለት ዓይነት ኤላይዛ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘባቸው። የተሕዋሱ ዲኤንኤ ደግሞ በ5 ውሾች (2.8 በመቶ) መቅኔ ውስጥ ተገኘ። ከእነዚህ 5 ውሾች ግን 2ቱን የደም ምርመራው ነፃ ብሏቸው ነበር።

ልዩነቱ የሚመጣው ሁለቱ ምርመራዎች የሚጠይቁት ስለተለያየ ነው። ፀረ እንግዳ አካል በተሕዋሱ ከተያዙ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሊታይ፣ ከዚያም ለረዥም ጊዜ በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ የተያዘ ውሻ ነፃ፣ ቀድሞ ተይዞ የዳነውም ሕመምተኛ ሊመስል ይችላል። መቅኔው ላይ የሚደረገው ፒሲአርም ተሕዋሱ በናሙናው ውስጥ ከሌለ አያገኘውም።

የእንስሳት ሐኪም ለአንድ ውሻ ሲወስን የደሙን ውጤት ከመክሳት፣ ከቆዳ ቁስልና ከንፍፊት እብጠት ጋር ያገናዝባል። ደግሞም ውሻው ተሕዋሱ ስለተገኘበት ብቻ በሽታውን ለሰው ያስተላልፋል አይባልም፤ ይህን ለማረጋገጥ የአሸዋ ዝንብ ከውሻው ተሕዋሱን መውሰድ መቻሏ መታየት አለበት።