ጎልማሳ ወንድ ወደ ነርስነት ሲመጣ

ዕድሜው ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላ፣ ትዳር የመሠረተ፣ በመምህርነት ወይም በሹፌርነት ወይም በሒሳብ ሠራተኛነት ዓመታት ያገለገለ ሰው «ነርስነት ልማር ነው» ሲል ከቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «በዚህ ዕድሜህ?» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «የሴት ሥራ አይደለም ወይ?» ነው። ሁለተኛውን አስቀድመን እንመልከት፤ መልሱ የቀለለ ነውና።

ድውያንን ማስታመም ለሴቶች ብቻ የተተወበት ዘመን እንደሚታሰበው ረጅም አይደለም። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሥር «ፓራቦላኒ» የሚባሉ፣ ሕሙማንን የሚያስታምሙ ወንዶች ነበሩ። በከተማው ሁከት ውስጥም ስለ ገቡ ስማቸው ሁልጊዜ በበጎ አልተነሣም፤ የቄሣሩ ሕግ በ416 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቁጥራቸው ከ500 እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 600 ከፍ አድርጎታል። ሙያው የሴት መልክ ይዞ በትምህርት ቤት የተደራጀው ግን ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በለንደን ትምህርት ቤቷን ከከፈተች ወዲህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረዋል፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላም ሆስፒታል በስማቸው ተሠርቷል። ይህ ለሙያው ታላቅ ክብር አስገኝቷል፤ በዚያው ልክ «ነርስ» ሲባል ሴት ብቻ በዓይነ ኅሊና እንድትታይ ሳያደርግ አልቀረም ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ በየጤና ጣቢያው ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩት ድሬሰሮች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ዛሬም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ወንድ ነርስ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ ግን ወንዶቹ ከስምንት ነርሶች አንድ ያህል ብቻ ናቸው።

የጎደለን መጠሪያ ነው። ሴቷን «ሲስተር» እንላለን፤ ለወንዱ ግን የለመድነው ስም ስለሌለ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሁሉ «ዶክተር» ይባላል። ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ሕመምተኛው «ዶክተር አይቶኛል» ብሎ ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ወንድ ነርስ አልጋው አጠገብ ሲደርስ «ነርስ ነኝ» ብሎ መናገርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊለምደው ይገባል።

አሁን ወደ ዕድሜው ጥያቄ እንመለስ። አባቱን ወይም እናቱን በሆስፒታል ያስታመመ ሰው ሥራውን የሚያውቀው ይመስለዋል፤ በከፊል እውነት አለው። በአገራችን ሕመምተኛን ማጠብ፣ መመገብና ማገላበጥ በአብዛኛው በአስታማሚ ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። ነርሱን ከአስታማሚው የሚለየው የሚያደርገውን ለምን እንደሚያደርገው ማወቁና ለውጤቱም ተጠያቂ መሆኑ ነው። አስታማሚው «ትንፋሹ ፈጠነ» ይላል፤ ነርሱ ግን የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 መሆኑን ስለሚያውቅ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል፣ ሐኪሙንም በጊዜ ይጠራል። መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ሕመምተኛው እርሱ መሆኑን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱንና የአሰጣጡን መንገድ በየጊዜው ያረጋግጣል። መቶኛ ጊዜው ቢሆንም አይዘልም።

ከትምህርት ገበታ ከራቁ የቆዩ ሰዎች እጅግ የሚፈሩት ስሌቱን ነው። አንድ ምሳሌ እናንሣ። 1,000 ሚሊ ሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል እንበል፤ ቱቦው አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። ጠቅላላው 20,000 ጠብታ ሲሆን 8 ሰዓት ደግሞ 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይሆናል። የሱቅ ሒሳብ የያዘ ሰው ይህን አያቅተውም። እንዲያውም ጎልማሳው ይዞት የሚመጣው ሀብት ብዙ ነው፤ መምህር የነበረው መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ለገበሬው አስረድቶ ያግባባል፣ የሌሊት ሹፌር የነበረውም እስከ ንጋት መንቃትን ያውቃል።

ከስሌቱ ይልቅ የሚከብደው ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። በልጁ ዕድሜ ያለች ነርስ «ጓንትህን እንደገና አድርግ» ስትለው ያለ ቅሬታ መታዘዝ፣ የማያውቀውን ሰው ሰገራ መጥረግ፣ ተኝቶ የቀረውን ሰው ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ይህን የማይችል ሰው በፈተና አንደኛ ቢወጣም በሥራው አይቆይም።

ሴት ሕመምተኛን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበዛል። የሚያደርገውን አስቀድሞ ይነግራታል፣ ፈቃዷን ይጠይቃል፣ መጋረጃ ይጋርዳል፤ ሰውነቷን መግለጥ ካስፈለገም ሴት ባልደረባ እንድትገኝ ያደርጋል። ሴት ነርስ እንድታክማት ከጠየቀች፣ እስከ ተቻለ ድረስ ሳይከፋው ሊተካ ይገባል።

መንገዱ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ የሚሰጠው ሥልጠና ወይም በዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ የብቃት ምዘናውን ያላለፈ ሰው የሙያ ፈቃድ አያገኝም። ከመመዝገብ በፊት ኮሌጁ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማጣራት ያስፈልጋል፤ በኮሌጁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይበቃም። ተመራቂ ሁሉ በቀጥታ በመንግሥት የሚመደብበት ጊዜም አልፏል። ልጆች ያሉት ሰው በትምህርቱ ዓመታት ብቻ ሳይሆን ከምረቃ በኋላም ሥራ እስኪያገኝ ቤቱ በምን እንደሚተዳደር ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ መመካከር አለበት። ደመወዙን አጋንነው የሚነግሩትንም አይስማ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙውን ጊዜ በረዳትነት ይጀምራሉ። የፌዴራሉ ሕግ ለረዳት ነርስ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ይህም ታክሲ እየነዱ ወይም መኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ሊወስዱት የሚቻል ነው። ሰውየው ሙያው ይስማማው እንደሆነ በአነስተኛ ወጪ ስለሚያይበት ጠቃሚ ጅማሮ ነው። እዚህ አገር ያለ አመልካችም በሚያውቀው ሆስፒታል አስፈቅዶ አንድ ሌሊት ከነርሶች ጋር ቢያድር ከብዙ ምክር ይበልጥበታል። ወደ ልምምድ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የጉበት ቫይረስ «ቢ» ክትባትን ይጀምር፤ ሦስቱ መጠኖች በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ስለሚወስዱ የመጀመሪያ መርፌ እስኪወጋ ድረስ መጠበቅ የለበትም።