ብራንዱ ሲሄድ ዕዳው ከማን ጋር ይቀራል?

ሆቢኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2018 በዴላዌር የኪሳራ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዜናውን ከቁብ የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያው የሚነግደው በሪሞት በሚበሩ አውሮፕላኖች፣ በሪሞት በሚነዱ መኪኖችና ጀልባዎች፣ በሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሞዴሎችና በትንንሽ ሮኬቶች ነበር። ብዙ ሰው “የልጅ መጫወቻ” ብሎ ያልፈዋል። ገዢዎቹ ግን በአብዛኛው አዋቂዎች ናቸው፤ ጋራዣቸው ውስጥ ክንፍ ሲያጣብቁና ሞተር ሲያስተካክሉ ሰንብተው ቅዳሜና እሁድ ሜዳ የሚወጡ።

ይህን ትንሽ ገበያ ለዚህ ሳምንት የመረጥኩት በትልልቅ ገበያዎች ግርግር ተሸፍኖ የሚያልፍ አንድ ነገር እዚህ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። አንድ ብራንድ ከገበያ ሲወጣ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የማይሰፍር ኪሳራ አለ። የባንኩ ዕዳ ይመዘገባል፤ ዕቃ አስረክቦ ገንዘቡን ያልተቀበለው አቅራቢም ይመዘገባል። ዕቃውን ከዓመታት በፊት ገዝቶ ንብረቱን ሁሉ በእሱ ላይ የሠራው ደንበኛ ግን የትም አይመዘገብም። የሚጎዳው ግን እሱም ነው።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለችው ሻምፔን ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ገበያ ዋና ዋና የሚባሉት ሁለት አከፋፋዮች፣ ሆቢኮና ሆራይዘን ሆቢ፣ መቀመጫቸው እዚችው ከተማ ነበር። ሆቢኮ የጃፓኑን ፉታባ የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ያከፋፍል ነበር፤ ሆራይዘን ደግሞ የፉታባ ተቀናቃኝ የሆነውን ጄአር የተባለ ሌላ የጃፓን ብራንድ ይዞ ነበር። የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ሲባል ሁለት ዕቃ ነው። በእጅ የሚያዘው ማስተላለፊያና አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚገጠመው ተቀባይ። ገንዘቡም ጣጣውም ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው።

እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ ሞዴል አውሮፕላኖች የሚበሩት በ72 ሜጋኸርዝ ባንድ፣ በ50 ቻናሎች ተከፋፍለው ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ቻናል ላይ ማስተላለፊያቸውን ካበሩ ቢያንስ የአንዱ አውሮፕላን መሬት ላይ ይከሰከሳል። ስለዚህ በየክበቡ ሜዳ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ይቆማል፤ በሰሌዳው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ይደረደራሉ። የሚያበራው ሰው የቻናሉን መቆንጠጫ አንስቶ አንቴናው ላይ ይቆነጥጣል፤ ሲጨርስ ይመልሰዋል። መቆንጠጫው ሰሌዳው ላይ ከሌለ ተራ ይጠብቃል። አድካሚ አሠራር ነበር። ነገር ግን አንድ ታላቅ ጥቅም ነበረው፦ በተለመደው የኤፍኤም አሠራር የአንዱ ኩባንያ ማስተላለፊያ የሌላውን ተቀባይ በአብዛኛው ያዝ ነበር። አንዳንዶቹ ብራንዶች ሲግናሉን ገልብጠው ቢልኩትም ለሁለቱም አቅጣጫ የሚሆን ተቀባይ የሚሠሩ ሌሎች አምራቾች ነበሩ። ፒሲኤም የሚባለው ዓይነት ዝግ ቢሆንም የማይፈልገው ሰው ሌላ አማራጭ አያጣም ነበር።

በ2005 ሆራይዘን ስፔክትረም በሚል የራሱ ብራንድ ዲኤክስ6 የተባለውን በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ለትልልቅ አውሮፕላኖች የሚሆነው ዲኤክስ7 መጣ። ይህ ቴክኖሎጂ ማስተላለፊያውንና ተቀባዩን በዲጂታል መለያ ያስተሳስራቸዋል፤ በአንድ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ያለ ስጋት አብሮ ያበራል። የመቆንጠጫው ሰሌዳ ተረሳ፤ አብራሪዎችም በደስታ ተቀበሉት። ሊደሰቱም ይገባ ነበር፤ ለደኅንነት ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም ነፃነቱ በዋጋ መጣ። ስፔክትረም የራሱን ቋንቋ፣ ማለትም የራሱን ፕሮቶኮል፣ ይናገራል፤ ፉታባ የራሱን፣ ጄአርም በኋላ የራሱን። የሆቢኮ ታክቲክ የተባለው ርካሽ ብራንድም ኤስኤልቲ የሚባል የራሱ ቋንቋ ነበረው። የአንዱ ማስተላለፊያ የሌላውን ተቀባይ አያዝም። ክፍት የነበረው ገበያ በየብራንዱ አጥር ተከፋፈለ።

ለስሌት ያህል አንድ አብራሪ 400 ዶላር የሚያወጣ ማስተላለፊያ ገዛ እንበል። ዓመታት ሲያልፉ አሥር አውሮፕላኖች ሠራ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 60 ዶላር የሚያወጣ ተቀባይ ገጠመ። ለተቀባዮች ብቻ 600 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ብራንዱ ነገ ከገበያ ቢወጣ ዛሬ የሚበር አውሮፕላን ነገም ይበራል፤ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ማስተላለፊያው ከእጁ ወድቆ የተሰበረ ቀን ግን ጠቅላላ 1,000 ዶላሩ አብሮ ይሄዳል፤ ምክንያቱም አሥሩን ተቀባዮች የሚያዝ አዲስ ማስተላለፊያ በሱቅ አይገኝም። ያገለገለ ቢያገኝ እንኳ ሻጩ የፈለገውን ዋጋ ይጠራበታል። አሥራ አንደኛ አውሮፕላን ልሥራ ቢልም ተቀባይ የለም። ኢኮኖሚስቶች ይህን የመቀየሪያ ወጪ ይሉታል። ብራንዱ በሕይወት ሳለ ይህ ወጪ ለሻጩ ጥቅም ነው፤ ደንበኛው ዋጋ ቢጨመርበትም ጥሎ አይሄድም። ብራንዱ ሲሞት ግን ያው ወጪ ሙሉ በሙሉ በደንበኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ትርፉ ለአንዱ፣ ኪሳራው ለሌላው የሆነበት ውል ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ውሉን መፈረሙን እንኳ አያውቅም።

የጄአር ዕጣ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ትምህርት አለው። ሆራይዘን ለረጅም ዓመታት የጄአር ሻጭ ነበር። ደንበኛውን የሚያውቀው፣ ከየሱቁ ጋር የሚነጋገረው፣ የተበላሸውን ዕቃ ተቀብሎ የሚጠግነውም እሱ ነው። ስፔክትረምን ሲፈጥር ደግሞ ቴክኖሎጂውም በእጁ ገባ። ለተወሰነ ጊዜ በአሜሪካ የሚሸጡት የጄአር መቆጣጠሪያዎች ራሳቸው የሚናገሩት የስፔክትረምን ቋንቋ ነበር። አምራቹ በአከፋፋዩ ፕሮቶኮል ላይ ተደግፎ ቆመ ማለት ነው። ጄአር ዲኤምኤስኤስ የተባለ የራሱን ፕሮቶኮል ይዞ ሲወጣ ቀድሞ የተሸጡትን ተቀባዮች ይዞ መሄድ አልቻለም፤ ተቀባዮቹ የሚያውቁት ስፔክትረምን ነው። ሆራይዘንም ጄአርን ማከፋፈል አቆመ። በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ ቀደም ሲል የዓለም ሻምፒዮኖች ይወዳደሩበት የነበረው ብራንድ ከዋናው ገበያ ወጣ። ጄአር የሠራው ዕቃ መጥፎ ነበር የሚል አብራሪ ማግኘት ይከብዳል። የወደቀው ደንበኛውንም ፕሮቶኮሉንም ሌላ ሰው እንዲይዝለት ስለፈቀደ ነው።

ሆቢኮስ? እሱ የተጓዘው በተቃራኒው መንገድ ነው። በ2007 የፕላስቲክ ሞዴል አምራቹን ሬቭል ሞኖግራምን፣ በ2010 የሮኬት አምራቹን ኤስተስን፣ በ2012 የጀርመኑን ሬቭል ገዛ። ብራንዶቹ በዙ፤ ዋናው የሬዲዮ ዕቃው ግን የሌላ ሰው፣ የፉታባ ነበር። በዚህ መካከል ከ2013 ጀምሮ የቻይናው ዲጄአይ ፋንተም የተባለውን ድሮን አመጣ። ከካርቶኑ አውጥተው የሚያበሩት፣ በጂፒኤስ ራሱን አረጋግቶ የሚቆም ነው። ማብረር ለመማር ወራት ይፈጅበት የነበረው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ አበረረ። አዲሱ ደንበኛ ክንፍ አያጣብቅም፤ ተቀባይ ለብቻው አይገዛም፤ የሆቢኮን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሚኖሩበትን መለዋወጫም አይፈልግም። በ2015 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ማንኛውም ድሮንና ሞዴል አውሮፕላን ባለቤት እንዲመዘገብ አዘዘ። በ2017 ፍርድ ቤት ደንቡ ለመዝናኛ አብራሪዎች አይሠራም ቢልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግረሱ በሕግ መለሰው። በየጊዜው የሚለዋወጥ ሕግ ለብዙ ወራት አስቀድሞ ከእስያ ዕቃ ለሚያዝ አከፋፋይ ከባድ ነው፤ ክምችቱ መጋዘን ሲደርስ ገበያው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በሆቢኮ ጉዳይ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። ኩባንያው በሠራተኞቹ አክሲዮን የተያዘ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ይህ አሠራር ሠራተኛው ለጡረታው የሚጠራቀምለት ገንዘብ በሚሠራበት ኩባንያ አክሲዮን መልክ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ኩባንያው ሲያድግ መልካም ነው፤ ሠራተኛውም በጥቅሙ ተጋሪ ይሆናል። ኩባንያው ሲወድቅ ግን ደመወዙና ጡረታው በአንድ ቀን አደጋ ላይ ይወድቃሉ። በኪሳራ ሕግ ደግሞ የመጨረሻው ተከፋይ ባለአክሲዮን ነው፤ ዋስትና የያዘው ባንክ ይቀድማል፣ አቅራቢዎች ይከተላሉ፣ ከዚያ የተረፈ ነገር ካለ ለባለድርሻው ይደርሳል። በሌላ ኩባንያ ባለድርሻው ሩቅ ያለ ባለሀብት ነው፤ ሆቢኮ ውስጥ ግን መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሳው ሰው ነበር። ቁጠባን ሁሉ በአንድ አሠሪ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከኪሳራው በኋላ የሆነው በፍጥነት ነበር። በ2018 የጸደይ ወራት የሪሞት ኮንትሮል ንግዱን አብዛኛውን ክፍል የገዛው የሻምፔኑ ጎረቤትና ተቀናቃኝ ሆራይዘን ነው። ሬቭል ለአንድ የጀርመን የኢንቨስትመንት ድርጅት፣ ኤስተስም ለሌላ ገዢ ተላለፈ። ፉታባ ሌላ የሽያጭ መንገድ ፈለገ። ስም የያዙት ብራንዶች ባለቤት አገኙ። የታክቲክ ተቀባይ በአውሮፕላኑ ውስጥ የገጠመው ሰው ግን የማንም ደንበኛ አልነበረም፤ ገዢው የራሱ ስፔክትረም እያለው የተቀናቃኙን ቋንቋ በሕይወት የሚያቆይበት ምክንያት የለውም።

ሆቢኮ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የካሜራ አምራቹ ጎፕሮ ካርማ የተባለውን ድሮኑን መሥራት እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር። ካርማ በ2016 ወደ ገበያ ሲወጣ በአየር ላይ ኃይል እያጣ በመውደቁ 2,500 ያህል ተመልሶ የተሰበሰበ ዕቃ ነው። በ2020 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያሉ ካርማዎች መነሳት አቃታቸው። ጎፕሮ ድሮን መሥራት ካቆመ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ ሆኖም ካሜራ መሸጡን ስለቀጠለ የሚጠብቀው ስም ነበረውና የሶፍትዌር ማስተካከያ አወጣ። የጎፕሮ ደንበኞች ዕድለኞች ናቸው። ሙሉ በሙሉ ለተዘጋ ኩባንያ ማን ይደውላል?

ለዚህ ገበያ መፍትሔ ያመጡለት በአብዛኛው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። በፈቃደኝነት የሚሠሩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የየብራንዱን ቋንቋ ፈትተው ብዙ ፕሮቶኮሎችን የሚናገር ትንሽ ሞጁል ሠሩ፤ ኤስኤልቲም በውስጡ አለ። በታክቲክ ተቀባይ የቀረ ሰው ዛሬ አውሮፕላኑን የሚያበረው በዚህ ነው። ኤክስፕረስኤልአርኤስ የተባለው ክፍት ፕሮቶኮል ደግሞ ከጅምሩ የማንም ንብረት ስላልሆነ ብዙ አምራቾች ይሠሩበታል፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይተካል። ከዚያ ቀደም ብሎም ሆቢኪንግ የተባለው ሻጭ ኦሬንጅ በሚል ስም ከስፔክትረም ጋር የሚስማሙ ተቀባዮችን በርካሽ መሸጡ ዋጋውን ወደ ታች ጎትቶት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ያረጀች ቪትዝ ዋጋዋን ይዛ የምትቆየው መለዋወጫዋም መካኒኳም በየሰፈሩ ስላለ እንደሆነው ሁሉ፣ የእነዚህ ተቀባዮች ዋጋም የሚለካው ስንት ሰው ሊሠራቸውና ሊጠግናቸው ይችላል በሚለው ነው።

ፈቃደኞች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም፤ የሚፈታ ቋንቋም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ የኪሳራ ሕግ አንድ ክፍተት አለበት። ፕሮቶኮሉ ሚስጥር እስከሆነ ድረስ ለአበዳሪዎች ዕዳ መክፈያ ሊሸጥ የሚችል ንብረት ነው፤ ስለዚህ የሀብት አጣሪው ይፋ ሊያደርገው አይፈልግም። ገዢውም ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ መፍትሔው ከኪሳራው ቀን በፊት መቀመጥ አለበት፦ አምራቹ ዕቃውን ሲሸጥ የግንኙነቱን ዝርዝር በገለልተኛ ወገን ዘንድ አደራ ያስቀምጥ፤ ምርቱን ካቆመና የተወሰነ ዓመት ካለፈ ለሕዝብ ይከፈት። ለአምራቹ የሚያስወጣው ወጪ ትንሽ ነው፤ ለደንበኛው ግን የ1,000 ዶላሩን ንብረት ያድንለታል። ከድምፅ ማጉያ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና የምንገዛው ነገር ሁሉ በሶፍትዌር እየታሰረ በመጣበት በዚህ ዘመን ሕግ አውጪዎች ይህን ጥያቄ ዛሬውኑ ሊያነሱት ይገባል። እስከዚያው አንባቢዬ፣ ማንኛውንም እርስ በርሱ የሚነጋገር ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ይህ ኩባንያ ነገ ቢዘጋ የማን ዕቃ ከዚህ ጋር ይሠራል? መልሱ “የማንም” ከሆነ ዋጋው ላይ ተደራደር፤ ካልቀነሰልህ ሌላ ሱቅ ሂድ።