የላሊበላ በዓላትና ዐለቱ

ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ ታሪካዊ ከተሞች ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ የምናሳያቸው ሕንፃውን ነው። ማን አሠራው፣ በስንተኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ፣ ቁመቱ ስንት ነው የሚሉትን በደብተራቸው አስጽፈን እንመለሳለን። በዓል ላይ የደረስን እንደ ሆነ ደግሞ እንደ ትርዒት አይተነው እናልፋለን። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር ሰዎች ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለንም። አንድ ዓመት እጩ መምህራንን ይዘን ለገና ወደ ላሊበላ ሄድን። ሌሊቱን በማረፊያችን ተኝተን፣ ቁርሳችንን በልተን ቤተ ማርያም ብንደርስ የሄድንበት ሥርዓት ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲበተን አገኘነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ «ያ ሁሉ ካህን የት ቆሞ ነው የሚዘምረው?» ብሎ ሲጠይቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በጥንቱ የላስታ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ሮሃ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በዛጕዬው ንጉሥ በላሊበላ ስም የሚታወቁት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት በዚህች ከተማ ነው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ለተማሪ ቀድሞ ሊነገር የሚገባው ግን የአሠራሩ ነገር ነው። ግንበኛ ከመሠረት ይጀምራል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን የጀመሩት ከጣሪያ ነው። በመጀመሪያ ዙሪያውን በጥልቅ ቦይ ቈፍረው መካከሉን እንደ ደሴት ያስቀሩታል፤ ቀጥለውም ያንን ወጥ ድንጋይ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ በርና መስኮት ያወጡለታል፣ ውስጡንም ይፈለፍሉታል። ስለዚህ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ መስቀል የሚያይ ሰው ቆሞ የሚያየው በመሬት ደረጃ ነው። በሩን ለማግኘት ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል መውረድ ይኖርበታል።

እንግዲህ የገናው በዓል ቅርጽ የመጣው ከዚህ አሠራር ነው። የቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ማለት ያ የተቈፈረው ጕድጓድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀደስና ማሕሌት ሲቆም አድሮ፣ ሲነጋ «ቤዛ ኩሉ» የሚባለው ሥርዓት ይጀመራል፤ ትርጕሙ «የሁሉ ቤዛ» ማለት ነው። ከካህናቱ እኩሌቶቹ ከታች በግቢው፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ማሜ ጋራ በሚባለው ከላይ ባለው የዐለቱ አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከበሮው እየተመታ፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እየተወዛወዘ፣ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። በሌላ ስፍራ ሊቃውንት «ሰማይና ምድር» ብለው በቃል የሚያስተምሩትን እዚህ ግድግዳው ራሱ ይሠራዋል። ሥርዓቱን ወደ ሜዳ አውጥተን እንየው ብንል የሚቀርልን ዜማው ብቻ ነው። የሠልጣኛችን ጥያቄ ለካ ከእኛ ማብራሪያ ሁሉ የበለጠች ነበረች።

የሒሳብ መምህራንም ከዚህ በዓል የሚያገኙት ነገር አለ። ገና እንደ ወትሮው ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከጽንሰት በዓል፣ ማለትም ከመጋቢት 29 እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ይኸውም 275 ቀን ይቈጠራል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ስለምትጨምር ቍጥሩ እንዳይፋለስ በዓሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል። ከዚህ የተነሣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲታይ በዘመናችን ገና ምንጊዜም ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። ጥምቀት ግን ጥር 11 ላይ ጸንቶ ስለሚቆይ በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ ዐሥራ ሁለት፣ አንዳንዴ ዐሥራ ሦስት ቀን ነው። ተማሪዎች ይህን በጣታቸው ቈጥረው ሲደርሱበት ደስታቸው ልዩ ነው።

ስለ ጥምቀት እዚህ አናበዛም፤ በየአገሩ የሚታወቅ ነው። ብዙም ያልተጻፈለት የከተማው ሰው የእንግዳ አቀባበል ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ብዙዎች ቀናት በእግራቸው ተጉዘው ይመጣሉ። ነዋሪውም የማያውቀውን መንገደኛ እግር አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድራል። ይህ በቱሪስት መጽሔት ላይ ከቤተ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን ሲወጣ አላየንም፤ ለእኛ ግን ከበዓሉ ትልቁ ክፍል ይህ ይመስለናል።

የክረምቱ በዓል ደግሞ የልጃገረዶች ነው። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ረጅም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። በሰቆጣ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓሉ ወደ መድረክ ወጥቶ ንግግር እየተደረገለት ነው። መከበሩን አንጠላም፤ ነገር ግን ልጆቹ ተሰልፈው ባለሥልጣን ሲጠብቁ የሚያልፈው ሰዓት ከየደጁ የሚቀር ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በቀላሉ በሚፈረፈር ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዝናብ ይሰርገዋል፣ የምእመናኑም እግር ያሟሟዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ጊዜያዊ ተብለው ተተከሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ነዋሪው ሰልፍ ወጥቶ የተሸከሙት ብረት ቅርሱን እንዳይጎዳው ያለውን ስጋት ገለጸ። ቅርስ በሌላም መንገድ ይጠፋል፦ አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በ1993 ዓ.ም. ተመልሷል። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ ከተማዋን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዘዋውራት የአስጐብኚው፣ የበቅሎ አከራዩና የሸማኔው ገቢ ቆመ። ጦርነቱ ከከተማዋ በራቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የዋለው የዚያ ዓመት ገና ግን ተከበረ።

ለጉብኝት ለሚዘጋጁ ባልደረቦቻችን አንዳንድ ነገር እንጠቁም። ተማሪዎች ጫማ የሚያወልቁበትን ቦታና የቅዳሴውን ሥርዓት አስቀድመው ይወቁ። ካሜራ ከማንሣት በፊት ይጠየቅ። ቅዳሜ ካለፈላችሁ ገበያውን እዩ፤ በቤተ ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉትን ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶችም አትለፏቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሌሊቱን አትተኙ፤ ቢያንስ ከንጋት በፊት ቤተ ማርያም ድረሱ። 2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ በዚያ ዓመት የምትሄዱ ገና 28 ላይ እንደሚውል አስባችሁ አውቶቡሱን በ26 አስነሡት።