በዓይን የማይመዘን ሰውነት፦ ከጊች እስከ ደባርቅ የሚባለውና እውነታው

በደባርቅና በዳባት ሰላምታ በጤና ጥያቄ ብቻ አያልቅም። «እታለም፣ ምነው ከሳሽ?» ይከተላል፤ ወይም «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል»። ከፍቅር የሚመጣ አነጋገር ነው። ከሥሩ ግን ብዙ ሰው የጎዳ እምነት አለ፤ ጤነኛና በሽተኛ በዓይን ይለያል የሚል።

«ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው»

በዚህ አገር ይህን ያህል የሚያሳስት አባባል አላውቅም። በጎንደር የገጠር የስኳር ታካሚዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች የመዘገቡት ሌላ ነው፤ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው መካከል ብዙዎቹ ቀጫጭን ድሃ ገበሬዎች፣ በተለይም ወጣት ወንዶች ነበሩ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን እንደቻለ ዓይነት ቆጥሮት ነበር፤ በ1999 ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባካሄደው ጉባኤ «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። ስለዚህ የሚከሳ፣ ውሃ የሚጠማው፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ልጅ «ቡዳ በልቶት ነው» ተብሎ ቤት መዋል የለበትም። የስኳር ምርመራ የሚፈልገው አንዲት ጠብታ ደምና ጥቂት ደቂቃ ነው። ክሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሳል ወይም ከሌሊት ላብ ጋር ከሆነ የቲቢ ምርመራም ያስፈልጋል።

«ሞላ ያለ ሰው ጤነኛ ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የደም ግፊት ሳያም ለዓመታት ይቀመጣል፤ 140/90 መድረሱን የሚናገረው መለኪያው ብቻ ነው። ከጠቅላላ ክብደት ይልቅ ሆድ አካባቢ የሚከማቸው ስብ ያሳስባል። የወንድ ወገብ ከ94፣ የሴት ደግሞ ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የልብና የስኳር በሽታ ስጋት ይጨምራል። ይህን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ወፍራም ሰውን በቦርጩ ማሳፈር ግን ሕክምና አይደለም። የተሸማቀቀ ሰው ሐኪም ቤት መሄድ ይሸሻል፤ ብዙ ጊዜም ክብደቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

«ጥሩ ቁመና አንድ ዓይነት ነው»

እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመ ጥናት ሃሪሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የደባርቅን ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ጋር አነጻጽረው ነበር፤ ደገኞቹ ደረታቸው ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚኖር ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳየች። በአንዲስ ተራሮች በዚያው ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ሰውነት እንደሚኖርበት ቦታ ይለያያል ማለት ነው፤ እዚህ የተወለደች ልጅ ሰውነቷን በስልክ ከምታየው ቁመና ጋር እያስተያየች የምታፍርበት ምንም ምክንያት የለም።

«ሰውነቴን ከተቀበልኩ ስለ ጤናዬ ምን አስጨነቀኝ?»

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረችው የጊች መንደር ይህን ጥያቄ ለመመለስ ትረዳለች። ነዋሪዎቿ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ያርሱ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። እዚያ ላይ ስፖርት የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር፤ ማረሱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ከብት ማገዱ፣ ገበያ መውረድ መውጣቱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው። ከተማ ላይ ባጃጅ አለ፣ ሱቁ ደጅ ላይ ነው። አበላል ሳይቀየር ልፋቱ ብቻ ሲቀር ክብደት ይጨምራል። ይህን ስንፍና ብሎ መስደብ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የተቀየረው ኑሮው ነውና። ሰውነትን መቀበል ማለት ደግሞ የሚገባውን መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ምክሩ ወፍራምንም ቀጭንንም እኩል ይመለከታል፤ የሚራመድ ሰው ክብደቱ ባይቀንስም እንኳ ልቡ ይጠቀማል።

«ገብስ የድሃ ምግብ ነው»

የሰሜን ደጋ ገብስ፣ በሶም ሆነ ቆሎ ተደርጎ ቢበላ፣ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር አለው። ይህ አሰር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። ነጭ ዳቦና ፓስታ በዚህ አይተካከሉትም። በሶ ይዞ መውጣት የሚያሳፍረው ወጣት ያሳዝነኛል።

«ማወፈሪያ ኪኒን ቢወሰድ ምን አለበት?»

ከሠርግ በፊት «ትንሽ ሙሊ» የምትባል ቀጭን ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትውጠው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል። ፊት የሚነፋው ከጤና አይደለም፤ መድኃኒቱ ስብን ወደ ፊትና ወደ ሆድ ስለሚያዘዋውርና ውሃ ስለሚያስቋጥር ነው። ሲቆይ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ለሳምንታት የወሰደች ልጅ ደንግጣ በአንድ ጊዜ ብታቆመው ደግሞ ሰውነቷ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ስለሚያጥረው ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የጀመረች ካለች የኪኒኑን መያዣ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚያስቀንሳት ባለሙያ ነው።