ፊታውራሪው ዘመዴ አልነበሩም!

«የማን ልጅ ነህ?» ስባል አፌን ሞልቼ የምመልስ ሰው ነበርኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እጠራና የቅድመ አያቴ አባት ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ፊታውራሪ ናቸዋ! ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ሰፊ ርስት የነበራቸው። አዲስ አበባ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጓደኞቼ ስለ ኳስ ሲያወሩ እኔ ስለ ፊታውራሪው አወራ ነበር።

ታዲያ ይኸው ጉራዬ ሠርጌን ሊያፈርስብኝ ምንም አልቀረውም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር ሦስት ዓመት በፍቅር ከቆየን በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። አባትየው እንደ ወጉ ዘሬን ጠየቁ። ሽማግሌዎቼ ኮራ ብለው ይቆጥሩ ጀመር። ፊታውራሪው ጋ ሲደርሱ አባትየው «ቆዩ እስቲ!» አሉ። «እኚህማ የኔም ቅድመ አያት ናቸው!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊታውራሪው ወዲህ በእሷም በእኔም በኩል አራት ቤት ብቻ ሆነ። እናንተዬ፣ የዚያን ቀን ሌሊት አታምጣው ነው።

በሕግ ብንሄድ ችግር አልነበረም። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው ከእህትና ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር መጋባትን ነው። የወላጆቻችን ዳኛ ግን ሰባት ቤት ነው። «ሕጉ ያጋባችሁ ይሆናል፤ እኛ ግን አንመርቅም» ተባልን። እሷ አለቀሰች። እኔስ? እሱን ተዉት።

መዝገብ ፍለጋ

እንግዲህ ማጣራት ነው ብለን ተነሣን። ግን በምን? እንግሊዞች በዚህ በኩል ታድለዋል። ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቄሶቻቸው ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፉ ታዘዋል። የሕዝብ ቆጠራ ቅጻቸውም 100 ዓመት ሲሞላው ይከፈትና ሰው የቅድመ አያቱን ቤተሰብ በስም ያነባል። የኛ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በ1987 እና በ1999። ሦስቱም የመጡት ቅድመ አያቴ ካረፉ በኋላ ነው። ቢደርሱባቸውም ቆጠራው «ስንት ነን?» ይላል እንጂ «የማን ዘር ነህ?» አይልም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አዲስ አበባ ያገኘሁት የክርስትና መዝገብ ከአባቴ አያልፍም። አባይን ተሻግሬ ገጠር ስወርድ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቄስ «ልጄ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ይባላል?» አሉኝ። ለካ ቤተ ክርስቲያን ሙታንን የምታስበው በክርስትና ስም ነው! እኔ የማውቀው የዓለም ስማቸውን ብቻ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ያወቁት አያቴ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ ዘር ሲቆጥሩልኝ «አሁን ደግሞ ጀመሩ!» ብዬ እሸሽ ነበር። አሁን መቃብራቸውን ልጠይቅ?

የሳጥኑ ጉድ

የደረሱልን ያላሰብናቸው ሰው ናቸው። የእጮኛዬ አባት አክስት ናቸው፤ እዚያው አገር ቤት ይኖራሉ። «ፊታውራሪው» ስንላቸው ሳቅ አሉና ከሳጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። በ1940ዎቹ የተሰጠ የርስት ፍርድ ነው።

እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በጎጃም ርስት የሚገኘው ትውልድ ቆጥሮ ነበር። ከዋናው አባት መወለድህን በምስክር ካላስረዳህ መሬት የለም። ስለዚህ የኛ አገር የዘር መዝገብ አንዱ መገኛ የክርክር ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

ወረቀቱ ምን ይላል መሰላችሁ? ቅድመ አያቴ «የፊታውራሪው ልጅ ነኝ» ብለው ርስት ጠይቀዋል። የተከራከሯቸው የእጮኛዬ ቅድመ አያት ናቸው። ምስክር ተሰማ። «የእንጀራ ልጅ ነው እንጂ የአብራኩ ክፋይ አይደለም» ተብሎ ተፈረደባቸው። እናታቸው ሕፃን ይዘው ነበር ለፊታውራሪው የተዳሩት። የእውነተኛው አባታቸው ስምም ተጽፏል።

ሽማግሌዎች አነበቡና «ደም የለም» አሉ። እጮኛዬ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ... ግን አባቴን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ታዲያ ስድሳ ዓመት ሙሉ በሰው አባት ስምል ኖርኩ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ዘር ፍለጋ የወጣ ሰው የሚፈልገውን ብቻ አያገኝም።

እናንተም ከመቸገራችሁ በፊት

ሽማግሌ ልካችሁ ሳይሆን ገና ስትተዋወቁ ተጠያየቁ። አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሴቶቹን አትዝለሉ። «ማን ማንን ይዛ ተዳረች» የሚለውን እነሱ ያውቁታል። የእያንዳንዱን ሰው የዓለም ስም ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስሙንና፣ ባለ ማዕረግ ከሆነ፣ የፈረስ ስሙን ጻፉ። የቤት ሳጥን ፈትሹ፦ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ወረቀት፣ የዳዊት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የልደት ቀን። የሰማችሁትን ከሌላው ወገን ቃል ጋር አስተያዩ፤ የኔን እውነት የያዘው ባላጋራው ቤት ነበርና። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ለልጅ ልጆቻችሁ እንጂ ለእናንተ አይደርስም።

እኛ ተጋባን። አባቴም መርቀውናል። አሁን «የማን ልጅ ነህ?» ስባል አራተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አላደርግም። ከዚያ ወረቀት ያገኘሁትን ስም ብቻ እጠራለሁ። ፊታውራሪ ይሁኑ ገበሬ አላውቅም። የኔ ግን እሳቸው ናቸው።