ሙቀት የሚታጠፍበት ወሰን

የከባቢ አየር ንብርብሮች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ፎቅ ቤት በተወሰነ ከፍታ ተለክተው ስለሚቀርቡ፣ ብዙ ተማሪ ትሮፖስፌር፣ ማለትም ደመናና ዝናብ የሚፈጠሩበት የታችኛው ንብርብር፣ በ12 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል ብሎ ይይዛል። ይህን ቁጥር ይዞ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ወሰኑን የሚፈልግ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ግን አያገኘውም፤ ንብርብሩ በምድር ወገብ አካባቢ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ሲደርስ በዋልታዎች ወደ 8 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላልና። ወሰኑን የሚያበጀው ከፍታው ሳይሆን የሙቀቱ አካሄድ ነው።

ሙቀትን፣ ግፊትንና እርጥበትን እየለካ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ራዲዮሶንድ የተባለ ትንሽ መሣሪያ በፊኛ ታስሮ የሚወጣው በመላው ዓለም ለሁለት የጋራ ሰዓቶች ሲሆን፣ እነዚህም በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይውላሉ። ፊኛው በደቂቃ 300 ሜትር ያህል ሲወጣ ሙቀቱ በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል፤ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ የከፈለው ገበሬም ይህንኑ ከመሣሪያው አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገደማ ሲደረስ ቅዝቃዜው ይቆምና ሙቀቱ ተመልሶ መጨመር ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ባለው ስትራቶስፌር ኦዞን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እየዋጠ አየሩን ያሞቀዋልና። ከታች የሚወጣ አየር ከዙሪያው ስለሚቀዘቅዝና ስለሚከብድ ከዚህ ወሰን ብዙም አያልፍም፤ የክረምት ነጎድጓድ ደመና አናቱ ጠፍጥፎ ወደ ጎን የሚዘረጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረንሳዊው ሊዮን ቴስረን ደ ቦር በፓሪስ አቅራቢያ ከ200 በላይ ፊኛዎችን ለቆ፣ ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሙቀቱ መቀነሱን ሲያቆም ባየ ጊዜ፣ በቅድሚያ የጠረጠረው ሰማዩን ሳይሆን መሣሪያውን ነበር። ፀሐይ መለኪያውን አሙቃው እንዳይሆን ብሎ ፊኛዎችን በሌሊት ጭምር ከላከ በኋላ ነው ግኝቱን በ1902 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፤ ይህ ጥንቃቄ ከግኝቱ ባልተናነሰ ለሙያው ትልቅ ውርስ ነው። ከስትራቶስፌር በላይ ሙቀት እንደገና የሚቀንስበት ሜዞስፌር፣ ከ85 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይም እንደገና የሚጨምርበት ቴርሞስፌር ይከተላሉ።

ይኸው የሙቀት መታጠፍ፣ ባለሙያዎች ኢንቨርዥን የሚሉት፣ ከቤት ጣሪያ ብዙም ሳይርቅ ይፈጠራል። በኅዳር ወር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ በታች ተኝቶ ያድራል። በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የሚጤሰው ቆሻሻ በማለዳ ከተለኮሰ፣ ጭሱ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ በመንደሩ ላይ ተነጥፎ፣ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ በሕፃናትና በአስም ሕሙማን አፍንጫ ደረጃ ይቆያል። ስለዚህ የሌሊቱን ልኬት የሚያነብ ባለሙያ ዓይኑን ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ከመላኩ በፊት ፊኛው ከመሬት በተነሣበት የመጀመሪያ ደቂቃ ውስጥ የተመዘገቡትን ጥቂት ቁጥሮች መመርመር፣ ሙቀቱ በእነርሱ ላይ ከጨመረም ለከተማው ጤና ጠባቂዎች ከንጋት በፊት ማሳወቅ ይገባዋል።